መጥረጊያው የማን ነው?



መስከረም ጠብቶ የመንዝ ጉም ሲገፈፍ ወደ መስጂዳችን ሳትመጣ የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች። ዘንድሮም መጣች። «ዕቃ አውጥቶ ቤት ማጠብ፣ ግድግዳ መቀባት፣ ባና ፀሐይ ላይ ማስጣት የጎረቤቶቻችን የአዲስ ዓመት ልማድ ነው። ሙስሊም በዚህ ሰሞን ሲያደርገው ተሸቡህ አይሆንበትም ወይ?» ትላለች። ጠያቂዎቹ ወጣቶች ናቸው። ደግሞ አንድ ሳይቀር ወንዶች ናቸው።

መልሱ ብዙ ኪታብ አያስገልጥም። አይሆንበትም። ባናና ዝተት መስከረም ላይ የሚሰጣው ክረምቱ ስለወጣ ነው። መሐል ሜዳ 3000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ሐምሌንና ነሐሴን በዝናብና በጉም ተጠቅልሎ ይከርማል። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ልብስ በእነዚህ ወራት እርጥበቱን ይጠጣል፣ ይሸታል፣ ቁንጫ ያፈራል። ፀሐይ ስትወጣ እሱም ይወጣል። ፀሐይዋ ሃይማኖቱን አትጠይቀውም። ዑለሞቻችን ዓዳ የሚሉት ይህንን ነው፤ የአምልኮ መልክ የሌለው፣ አየሩና ኑሮው ያመጣው የሰው ልማድ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። ኢራናውያን ከኑሩዝ በፊት ቤታቸውን ከጣሪያ እስከ ወለል ያጸዳሉ፤ ስሙንም በቋንቋቸው «ቤት ማራገፍ» ብለውታል። ጃፓኖች የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል ትልቁን ጽዳት ያደርጋሉ። ወቅት ሲዞር ቤቱን የሚያራግፈው የመንዝ ሰው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ያች ጥያቄ ተመልሳለች። እኛ መነጋገር የፈለግነው ስላልተጠየቀው ነው። ባናውን ማውጣት ይፈቀዳል ወይ ብለው የጠየቁን ብዙ ናቸው፤ ባናውን የሚያወጣው ማን ነው ያለን ግን አንድም የለም። መልሱን ሁሉም ስለሚያውቀው ይሆናል። እናቱ ናት። እህቱ ናት። እሱ በሷ ሥራ ላይ ፈትዋ ይጠይቃል።

እስቲ ሥራውን እንየው። ውሃው ከቦኖ በጄሪካን ይመጣል። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ምንጣፍና ብርድ ልብስ በሚታጠብበት ቀን ደግሞ አንድና ሁለት ጄሪካን የትም አያደርስም። ውሃ የጠጣ ባና ሁለት ሰው ወዲህና ወዲያ ይዞ ካልጠመዘዘው አይጨመቅም። ኮርኒሱ ላይ የተጋገረው የኩበት ጥቀርሻ በመሰላል ተወጥቶ ነው የሚወርደው፤ ሲወርድም ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይገባል። አልጋ ይነሳል፣ ፍራሽ ይወጣል፣ ቁም ሳጥን ይገፋል፣ ከሥሩ የከረመው ሁሉ ይጠረጋል። ይህን የ16 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ስትሠራው፣ የ22 ዓመት ወንድሟ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስልኩን እየነካካ «ቁርስ አልደረሰም እንዴ?» ይላል። ከሁለቱ ጉልበት ያለው የትኛው ነው?

ረመዷን ላይ ነገሩ ይብሳል። የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲገቡ ወጣቱ ብርድ ልብሱን ይዞ ኢዕቲካፍ ይገባል፤ ማሻአላህ፣ አላህ ይቀበለው። ቤት ውስጥ ግን የዒድ ጽዳት የሚጀመረው በእነዚያው ሌሊቶች ነው። እሱ ለይለቱል ቀድርን ሲጠባበቅ እህቱ ምንጣፍ ትፈትጋለች፣ መጋረጃ ታወርዳለች፣ የሳምቡሳ ሊጥ ታቦካለች፤ ሲነጋ ሱብሒን የምትሰግደው ወገቧን ይዛ ነው። ለይለቱል ቀድር ለወንዶች ብቻ የወረደች የሚመስለው ካለ ማስረጃውን ያምጣልን። ይዞት የገባው ብርድ ልብስስ በማን እጅ ታጥቦ ነው?

ኢማን የሚለካው በቂያሙ ለይል ርዝመት ብቻ የሚመስለው ወንድማችን አንድ ሐዲስ ያዳምጥ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሲገቡ ምን ይሠሩ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተጠይቀው ነበር። የሰጡት መልስ ቡኻሪ ዘንድ ተመዝግቧል፤ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ ነበር፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ ነበር። በሌሎች ዘገባዎችም ጫማቸውንና ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ እንደነበር መጥቷል። ልብ በሉ፣ ሶላት ሥራውን አላስተዋቸውም፤ ሥራውም ሶላቱን። ሁለቱ በአንድ ቀን ውስጥ፣ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ።

የሻፊዒይን ፊቅህ የቀራችሁ ደግሞ ይህችን ታውቃላችሁ፣ ለሰው ግን ስትነግሩ አንሰማም። በመዝሀቡ ኪታቦች እንደተቀመጠው ምግብ ማብሰልና ቤት መጥረግ በኒካሕ ውል ብቻ ሚስት ላይ የሚጸና ግዴታ አይደለም። ሌሎች ዑለሞች በአገሩ ልማድ መሠረት ይዳኛል ብለዋል፤ ኺላፉ የታወቀ ነው። ይህ ስለ ሚስት ነው። እህትህ ላይ ያንተን ፍራሽ የማራገፍ ግዴታ የጣለባት የትኛው ኪታብ ነው? ገጹን ብትልክልን ደስ ይለናል።

«ለሷ አጅር ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አጅር ነው። እንግዲያው በኸይር ሥራ እሽቀዳደማለሁ የምትለው ወንድማችን፣ ይህን ሁሉ አጅር ለእህትህ ብቻ ትተህ እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?

«ወንድ ልጅ መጥረጊያ ሲይዝ ሰው ይስቃል» የሚሉም አሉ። ይህች የበለጠ ታስቸግራለች፤ መንዝ ላይ የሰው ሳቅ ከብርዱ በላይ ይፈራል። ግን እናስተውል። ቂርአት የቀራ ሁሉ ያውቃል፣ ደረሳ ውሃውን ራሱ ይቀዳል፣ እንጨቱን ራሱ ይለቅማል፣ ጎጆውን ራሱ ይጠርጋል፣ ልብሱን ወንዝ ወርዶ ራሱ ያጥባል። ሸኹ ቤት መጥረጊያ መያዝ ኺድማ ነው፣ በረካ ይፈለግበታል፤ መጥረጊያውን ለመያዝ ደረሳዎች ሲሻሙ አይተናል። ያው ልጅ ለዒድ እናቱ ቤት ሲመጣ እጁ ይሽመደመዳል። ዩኒቨርሲቲ ያለውም እንደዚሁ ነው፤ ዶርም ውስጥ ተራ ገብቶ ይጠርጋል፣ ካልሲውንም ያጥባል፣ እቤት ሲደርስ ግን ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ የሚያነሳለት ይጠብቃል። ማንም የማያውቀው ጥበብ ቢሆን ኖሮ እናስተምር ነበር። ሁሉም ያውቁታል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ስትሞት ሶሓቦቹ ነገሩን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። እሳቸው ግን ስላጧት ጠየቁ፤ መቃብሯን አስመርተው ሄደው ሰገዱባት። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ከመዲና ሰው ሁሉ መካከል የጠፋችባቸው መጥረጊያ የያዘችው ናት። የሚስቀው ጎረቤት ይሳቅ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ምክንያቱም «እሺ፣ ከየት ልጀምር?» የሚልም አይጠፋም።

መጀመሪያ ጊዜው። ከባዱን ጽዳት ከመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች አውጡት። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ግድም ወደኋላ ይመጣል፤ በ2017 የካቲት 22 ነበር የገባው፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ወደ ጥር፣ ከዚያም ወደ ታኅሣሥ ይወርዳል። ያኔ መሐል ሜዳ ላይ ለዒድ ብላችሁ ያጠባችሁት ባና ሌሊቱን ውርጭ ይዞት እንደ ቆርቆሮ ይቆማል እንጂ አይደርቅም። ስለዚህ ያች «ተሸቡህ ነው ወይ?» ያላችሁላት የመስከረምና የጥቅምት ፀሐይ ናት የምታዋጣችሁ። ባናው፣ ዝተቱ፣ አጎዛው፣ ፍራሹና ጥቀርሻው በዚያን ጊዜ ይለቅ። ለሸዕባን የሚቀረው መጋረጃና ብርጭቆ ብቻ ይሁን። በረመዷን መጨረሻ እናታችሁ ከመስገጃዋ ሌላ የምታነጥፈው ነገር እንዳይኖር አድርጉ።

ሁለተኛ ክፍፍሉ። መሰላል የሚወጣው፣ ውሃ የሚሸከመው፣ ቁም ሳጥን የሚገፋው፣ ባና የሚጠመዝዘው ወንዱ ነው። ጥቀርሻ ስታወርዱ አፍና አፍንጫችሁን እርጥብ ጨርቅ እሰሩበት፤ ከላይ ወደ ታች እንጂ ወለሉን ጠርጋችሁ ወደ ኮርኒሱ አትመለሱ። ወንዶች ሲያጸዱ ይህን ነው የሚያደርጉት፤ እህቶቻችሁም በዚህ ይስቃሉ፣ ሳቃቸው ተገቢ ነው።

የሱፍ ልብስ በፈላ ውሃ አይታሽም፤ ይኮማተራል፣ ይጠጥራል። በዱላ ተመትቶ ይራገፋል፣ ተገልብጦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከታጠበም በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ስፌቱን ገልጣችሁ እዩ፤ የልብስ ቅማል የሚደበቀው እዚያ ነው። በደጋ አገራችን ተስቦና ግርሻ የሚባሉትን ትኩሳቶች ከሰው ወደ ሰው የሚያዛምተው ይኸው ቅማል ነው፤ ስለዚህ ይህ የማማር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንሶላና የጥጥ ልብስ ቀቅሉ። መቀቀል የማይችለውን ማዳበሪያ ውስጥ አስራችሁ አሥራ አምስት ቀን ሳይለበስ አቆዩት፤ ቅማል የሰው ደም ካላገኘ ከሳምንት በላይ እምብዛም አይከርምም፣ ዘግይቶ ከእንቁላል የሚወጣውም የሚበላው ያጣል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አንድ ላይ እንዳትደፉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። «ሁለቱ ሲደባለቁ የበለጠ ያጸዳል» የሚል ሰው አትስሙ።

ስለ ወለሉም ትጨቃጨቃላችሁና አንድ ቃል እንበል። ብዙ ቤታችን ወለሉ አፈር ነው፤ የሚለቀለቀውም በእበት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ እበት ነጃሳ ነው፤ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ሥጋው የሚበላ እንስሳ እበት ጠሂር ነው ይላሉ። ይህን ይዛችሁ ከእናቶቻችሁ ጋር አትጣሉ። በሻፊዒዮቹም ዘንድ ቢሆን ደረቅ ወለል ላይ ንጹሕ ምንጣፍ አንጥፎ የሰገደ ሰው ሶላቱ ትክክል ነው፤ ደረቅ ነገር ከደረቅ ነገር ጋር ቢነካካ ነጃሳው አይተላለፍም። እንዲያውም ወለሉ ሲለቀለቅ አንዷን ጥግ ለሶላት ለዩዋት። ዒትባን ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው መጥተው አንድ ቦታ እንዲሰግዱላቸው ለምነው ያን ቦታ መስገጃ አድርገውታል። ዛሬ ሶፋው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ይደረደራል፤ እናት የምትሰግደው በሩና አልጋው መካከል፣ ሰው እየተራመዳት ነው።

ስለ ዕቃው ደግሞ የምንለው አለ። ብዙ ቤት ሞልቶ ነው የማይጸዳው። ቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣ፣ ሻንጣው ላይ ካርቶን፣ አልጋ ሥር የማይሠራ ሬዲዮና የተበጠሰ ቻርጀር፣ ብፌ ውስጥ ማንም ጠጥቶበት የማያውቅ ብርጭቆ። ሳሎኑ ለእንግዳ ተብሎ ተቆልፏል፤ ሶፋው ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ጓዳ ውስጥ ለሦስት አንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ዒድ ሲደርስ በዚህ ላይ አዲስ መጋረጃ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ አዲስ የሶፋ ልብስ ይገዛል፤ አሮጌው ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ይወጣል። ይህም ጽዳት ተብሎ ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል። የተጸዳ ነገር የለም፤ ዕቃው ፎቅ ወጣ እንጂ።

ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቤት ፍራሽን የቆጠሩበት ነው። አንዱን ለባል፣ አንዱን ለሚስት፣ ሦስተኛውን ለእንግዳ አሉ፤ አራተኛውን ለሸይጣን ሰጡት። ዑለሞች ይህ ከሚያስፈልገው በላይ ለመኩራራትና ለማከማቸት የሚያዘውን የሚመለከት ነው ብለው አብራርተዋል፤ ልጆች ያሉት ለልጆቹ ይጨምራል። እንግዲህ ባናው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በአንድ ጊዜ ሲታይ መቁጠር ይቻላል። የዘንድሮው የመንዝ ክረምት ያላስለበሰህን ብርድ ልብስ፣ ከዚህ የባሰ ምን ብርድ ይመጣል ብለህ ነው የምታስቀምጠው?

የሚፈልገው ሰው ሩቅ አይደለም። ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ዓመታት ያስቆጠሩ ወገኖቻችን አሉ። ደብረ ብርሃንን ሌሊት የሚያውቅ ሰው አንድ ባና ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ከዚያ በፊት ግን ሰፈራችሁን እዩ፤ ብርዱን ደብቆ የሚያድር ጎረቤት አይጠፋም፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን። ስትሰጡም የተቀደደውን መርጣችሁ እንዳትሰጡ። አላህ በሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ ላይ ለራሳችን ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን ለሰደቃ እንዳንመርጥ ከልክሎናል። የተቀደደው ይሰፋ፣ ይታጠብ፣ ከዚያ ይሰጥ። ካልሆነም መወልወያ ይሁን። አዲስ አበባ ያላችሁ በሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞር አለላችሁ፣ ቆራሌው አለላችሁ፤ የማይሠራ ብረታብረታችሁ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምጣድና ምድጃ ሆኖ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ይህ ስለሌለ አልጋ ሥር ይቀራል።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ጉጉታችሁ ከገፋችሁ። የእናታችሁን ዕቃ ሳትጠይቁ እንዳታወጡ። ያንተ ዓይን አሮጌ ቅል የሚያየው እሷ ከእናቷ የወረሰችው ሊሆን ይችላል። በሰው ንብረት ሰደቃ የለም። ከራስህ ካርቶን ጀምር።

«ንጽህና ከኢማን ነው» የሚል ጽሑፍ ብዙ ግድግዳ ላይ ታያላችሁ። በዚህ ቃል የመጣ የተረጋገጠ ሐዲስ የለም፤ የተረጋገጠው ሙስሊም የዘገቡት፣ ጠሃራን የኢማን እኩሌታ ያደረገው ነው። ግድግዳው ላይ የጻፈው ሰው ግን እጣቢውን መንገድ ላይ ደፍቶ፣ አመዱንና ፌስታሉን የጎረቤት ቦይ ውስጥ አራግፎ ይገባል። ጉዳትን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን የቀራ ሰው፣ ቤቱን ባጸዳበት ቀን ጉዳትን መንገድ ላይ ያኖራል። ከቤት የወጣ ቆሻሻ አንድ ሰው ደጃፍ ማረፉ አይቀርም። መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተከመረው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሥሩ የነበሩት ድሆች ናቸው፤ ክምሩ ደግሞ የከተማው ቤት ሁሉ ለዓመታት እየጠረገ ያወጣው ነው። መሐል ሜዳ ቆሼ የለባትም። ቦይ ግን አላት፤ በሐምሌ ቦዩ ሲደፈን ውሃው የማን ቤት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። አመዱን ለጓሮ ጎመን ስጡት፣ ፌስታሉን ለዩት፣ እጣቢውን ከመንገድ አርቃችሁ ድፉት።

በመጨረሻ ስለ ቅዳሜ። መስጂዱን ለማጽዳት ስም ያስመዘገባችሁ ወንድሞች ብዙ ናችሁ፣ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ባለፈው ጊዜ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሳችሁ የተነሳችሁትን ፎቶም አይተናል፤ ያምራል። የቅዳሜው ሥራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀመራል። ከመምጣታችሁ በፊት የእናታችሁን ባና አውጥታችሁ፣ ጄሪካኑን ሞልታችሁ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ኑ። ፎቶ ባትነሱም ይሆናል። ያረፈደውን ሰው ምክንያቱን ስለምናውቅ አንጠይቀውም፤ መስጂዱም ይጠብቀዋል።

ወላሁ አዕለም።